አንድ ዘፈን፣ አምስት ዜማ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ የሚለውን ጥያቄ እስካሁን በእርግጠኝነት አልመለስኩትም። ኮምቦልቻ ውስጥ ጨርቅ የሚሸምኑ አምስት ሴቶች ደሴ ወጥተው አንድ ዘፈን ዘፈኑና ተመለሱ። በአጭሩ ይኸው ነው። ስለ ብሔራዊ የዘፈን ፌስቲቫል የሚጽፍ ሰው ስለ ትልልቆቹ መድረኮችና ስማቸው ስለገነነው ዘፋኞች መጻፍ ያለበት ይመስለኛል፤ እኔ ደግሞ ገና የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቢሆንም የቡድኑን ማመልከቻ የሞላሁትም፣ ያበላሸሁትም፣ ያረምኩትም እኔ ስለሆንኩ፣ ነገሩን ከእኔ በላይ አስተካክሎ የሚጽፈው የለም ብዬ ተነሳሁ። ያልሰማሁትን አልጨመርኩም፤ ያልገባኝንም አልገባኝም ብያለሁ።

ነገሩ የአክስቴ ነው። የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ከሃያ ዓመት በላይ ኮምቦልቻ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሽመና ክፍል ሠርታለች። ቀኝ ጆሮዋ መስማት ካቆመ ቆይቷል። ዘንድሮ በጥቅምት ግራውም ይጮህብኝ ጀመር ስትል እኔ ነኝ ሐኪም ቤት ያደረስኳት። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ ከመረመራት በኋላ ግራው ለጊዜው ደህና እንደሆነ፣ ግን ቀስ በቀስ እየቀነሰ እንደሚሄድ ነገራት። እሷ አመሰገነችውና ወጣች። ሚኒባስ መነሻው ጋ ስንደርስ፣

«አንድ ሐጃ አለኝ» አለችኝ። «ዘፈኔን በሰው አፍ ልስማው። አንዴ። ከዚያ ወዲያ አላህ ያመጣውን እችለዋለሁ።»

ዘፈን እንዳላት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ዘፈኑን የሠራችው ማሽን ላይ ቆማ ነው። ስለ ድርና ማግ ነው። አዝማቹ እንዲህ ይላል፦

ድሩን አንቺ ሁኚ፣ ማጉን እኔ ልሁን፣
አንዴ ተሸምኖ ማን ይፈታል ይህን።

ለአራት ባልደረቦቿም አስተምራቸዋለች፤ አምስቱም አንድ ፈረቃ ናቸው። በየካቲት ብሔራዊ የዘፈን ፌስቲቫሉ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና ሊካሄድ እንደሆነ፣ ማጣሪያውም ደሴ እንደሚደረግ ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደወለች።

«ተለማምደን አልቀናል» አለች። «አራት ወር ሙሉ ስንለው ነበር። አንቺ ወረቀቱን ሙዪልን።»

ወረቀቱ ቀላል አልነበረም። ከስምና ከአድራሻ ሌላ «ቡድኑ ከፌስቲቫሉ ጋር ያለው ታሪክ» የሚል ባዶ ቦታ ነበረው። አምስቱ ሴቶች ታሪክ የላቸውም፤ ፋብሪካው ግን እንዳለው ሰምቼ ነበር። ስለዚህ በድሮው የፋብሪካ ኪነት ቡድን ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወቱ የነበሩ አንድ ጡረተኛ መካኒክ ቤት ሄድኩ። በኮምቦልቻ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ሦስት ከሰዓት አብሬያቸው ተቀመጥኩ፤ ደብተሬ ሞላ።

«ይህ ፌስቲቫል ሦስት ጊዜ የተወለደ ነው» አሉኝ። «ሁለት ጊዜ ሲሞት ደግሞ እኔ ቀብር ላይ ነበርኩ።»

በመጀመሪያው ዘመን ፌስቲቫል ተብሎ አይጠራም ነበር። ዘፈን ከቀበሌ ይጀምርና አውራጃ ይወጣል፤ ከአውራጃ ክፍለ ሀገር፤ ከዚያ አዲስ አበባ። ሠራተኛው፣ ገበሬው፣ ወጣቱ በየማኅበሩ ቡድን ነበረው። የፋብሪካው ቡድን በጭነት መኪና የሐረጎን ዳገት ሲወጣ አኮርዲዮኑን ብርድ እንዳይመታው በጋቢ ይጠቀልሉት እንደነበር ነገሩኝ። አንድ ዓመት እሳቸው ዜማውን የሠሩት ዘፈን አዲስ አበባ ድረስ ደረሰ፤ በሬዲዮም ተላለፈ። ተናጋሪው «ከወሎ ክፍለ ሀገር» አለና አለፈ።

«ስምዎን አልጠሩም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የማንንም አልጠሩም፤ ዜማው የክፍለ ሀገሩ ነው ተባለ። ክፍለ ሀገር ዜማ ሲያወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ? ዛሬ ያን ዜማ ልጆች በሰርግ ይሉታል፤ የሕዝብ ነው ይላሉ። እኔም ቁጭ ብዬ አጨበጭባለሁ።»

ሲናገሩት አልተማረሩም። ያጨበጨቡበትን እጅ እያሳዩኝ ሳቁ።

መንግሥት ሲለወጥ ያ ሁሉ ቀረ። ሁለተኛው ዘመን እኔም በልጅነቴ የማስታውሰው ነው። ውድድሩ ወደ ቴሌቪዥን ገባ፤ ሰው በስልክ መልእክት ድምፅ ይሰጥ ጀመር። ዘመናዊ ዘፈን ብቻ ነበር የሚቀርበው፣ በኪቦርድና በመብራት። ደሴ ውስጥ የእኛ ሰፈር ልጅ ሲያልፍ ሰው ሁሉ በየሱቁ ተሰልፎ ካርድ ይገዛ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ ከተሞቻችን ድረስ መጣ። ፋብሪካውም ቆመ፤ ፌስቲቫሉም ቆመ። ጋሼ ስለዚያ ጊዜ ብዙ አላወሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ደብተሬ ላይ «ሁለተኛው ዘመን እዚህ ላይ ያበቃል» ብዬ መስመር አሰመርኩ።

ይህን ሁሉ በሁለት ገጽ አሳጥሬ ከቅጹ ጋር አያያዝኩት። «የግጥም ደራሲ» በሚለው የአክስቴን ስም ጻፍኩ። «የዜማ ደራሲ» በሚለውም የአክስቴን ስም። «ቡድኑ ለአራት ወራት ተለማምዷል» ብዬም ጨመርኩ። ሦስቱም እውነት መስለውኝ ነበር። ማመልከቻውን በመጨረሻው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አስገብቼ በኩራት ክፍል ገባሁ።

የመጀመሪያውን የጋራ ልምምድ ያደረግነው በግንቦት ወር አንድ እሑድ፣ ደሴ እኛ ቤት ነው። ጋሼ አኮርዲዮናቸውን ይዘው መጡ። አምስቱ ሴቶች በሳሎናችን ቆሙ፤ አክስቴ መሐል፣ አጠገቧ ከሐርቡ የመጣችው ወጣት ልጅ፣ ከወዲያና ከወዲህ ሌሎቹ ሦስቱ። ጋሼ በእግራቸው ወለሉን መቱና ምልክት ሰጡ።

«ድሩን» የሚለው የመጀመሪያው ቃል አንድ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። አክስቴ ቃሉን እንደ መንዙማ ረጅም አድርጋ ሳበችው። የሐርቡዋ ልጅ እንደ ሰርግ ዘፈን አስሮጠችው። አንዷ ሕፃን የምታስተኛ መሰለች፤ ሌላዋ ሰንበት ትምህርት ቤት የተማረችውን መዝሙር በሚመስል ዜማ ትወርዳለች፤ አምስተኛዋ የምትለው ዜማ ይሁን ተራ ንግግር አልለየሁትም። ቃሉ ግን ካንዳቸውም አልጎደለም።

እናቴ ከጓዳ፣ «ማን ሞተ?» አለች።

ሴቶቹ ቆሙ። እርስ በርስ ተያዩ።

«አንቺ እንዲህ ነው የምትይው?» አለች አክስቴ፣ የሐርቡዋን ልጅ።

«እንዲህ ነው። አንቱስ እንደዚያ ነው?»

«አራት ወር ሙሉ ከፊቴ ቆመሽ እንዲህ እያልሽ ነበር?»

«አፌን ያዩ የለ!»

«አፍሽ ቃሉን ነው የነገረኝ። ዜማውን የት ጽፈሽው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። የሽመና አዳራሽ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ይገባው ነበር። እዚያ ማሽኑ ስለሚጮህ ሰው በጆሮው አይሰማም፤ በዓይኑ ነው የሚሰማው። ከስድስት ማሽን ማዶ ቆሞ ከንፈር አይቶ ምሳሽ ምንድን ነው፣ ልጅሽ ተሻለው ወይ፣ ሱፐርቫይዘሩ ዛሬ ምን ነክቶት ነው ይባባላሉ። አክስቴ ግጥሙን ያስተማረቻቸው በዚሁ መንገድ ነው፤ እሷ በከንፈሯ ትላለች፣ ከማዶ ያለችው ታነብና ትመልሳለች። አራት ወር ሙሉ አብረው ዘፈኑ። አንዷም ሌላዋን አልሰማችም። እያንዳንዷ በየማሽኗ ምት፣ ከየመጣችበት ያመጣችውን ዜማ አልብሳዋለች።

መጀመሪያ የሳቀችው የሐርቡዋ ልጅ ናት፤ ከዚያ ሁሉም። አክስቴም ሳቀች፤ ቀድማ ግን አቆመች።

ጋሼ ብልህ ሰው ናቸው። ሳቁ ሲበርድ፣ «ልንገራችሁ» አሉ። «ይህን ስህተት እንጠቀምበት። አንዷ ድምፅ ታውጣ፤ አራታችሁ በከንፈርና በእጅ ብቻ በሉት፣ ልክ እንደ ሥራ ቦታ። ዳኞቹ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። አንደኛ ትወጣላችሁ፤ እኔ ተናገርኩ።»

ሐሳቡን በጣም ወደድኩት። ወዲያው ደብተሬን አውጥቼ ማን የት እንደሚቆም መሳል ጀመርኩ። አራቱም ሴቶች ተስማሙ።

«ጋሼ፣ አፉ ይበሉኝ» አለች አክስቴ። «በከንፈርማ ዕድሜዬን ሙሉ ዘፍኛለሁ። እኔ የቸገረኝ መስማት ነው። አንደኛ ወጥቼ ሳልሰማው ብመለስ ምን ሠራሁ?»

ጋሼ አኮርዲዮኑን ዘጉና፣ «እውነትሽን ነው» አሉ። «እንግዲያው አንድ ዜማ ተማሩ። ሦስት ሳምንት አላችሁ።»

የምንማረው ዜማ የአክስቴ እንደሚሆን ማንም አልተጠራጠረም። ችግሩ ጊዜና ቦታ ነበር። ከፈረቃ በኋላ ሁሉም ቤቷ ሥራ ይጠብቃታል፤ አብረው የሚሆኑት የፋብሪካው ሰርቪስ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰርቪሱ ውስጥ ተለማመዱ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ክፍል ስለሌለኝ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድኩ አብሬያቸው እሳፈር ነበር፤ ሾፌሩ ፈቅዶልኛል። ተሳፋሪው ግን በመጀመሪያው ቀን አልወደደንም።

«ኧረ እናንተ፣ ማሽኑ አልበቃ ብሏችሁ ነው?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ተኛ አንተ፤ እሽሩሩ እየተባለልህ ነው» አለችው በመዝሙር ዜማ የምትለው ሴት።

የአክስቴ ዜማ ውብ ነው፤ ግን ትንፋሽ ይጠይቃል። ስምንት ሰዓት ቆሞ የዋለ ሰው ያን ያህል ትንፋሽ የለውም። ሴቶቹ መስመሩ መሐል ላይ እየተቆረጡ ይቀራሉ፤ የሐርቡዋ ልጅ ደግሞ ሳታስበው ወደ ራሷ አጭር ዜማ ትመለሳለች። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ከኋላ መቀመጫ አንድ ሰው አብሮ አንጎራጎረ። የያዘው የልጅቷን ዜማ ነው። ሐሙስ ዕለት ግማሹ ሰርቪስ ይለው ነበር፤ ሴቶቹም አብረው ገቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ አንድ ሆነ።

ልጅቷ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ወላሂ እኔ አይደለሁም» አለች። «እነሱ ናቸው። አክስቴ፣ ነገ የአንቱን እንይዛለን።» እሷም አክስቴ ነበር የምትላት።

አክስቴ ግራ ጆሮዋን ወደ ኋላ አዙራ በመስኮቱ ታይ ነበር። ሁለት ፌርማታ አለፍን።

«ድገሙት» አለች በኋላ።

ደገሙት። እሷም ገባች፣ በልጅቷ ዜማ። ስንወርድ ቅር አላት እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ቅርማ ይለኛል» አለች። «የኔ ዜማ ይበልጣል። ግን የኔን የምለው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንማ ስሰማው ኖሬያለሁ። ቃሉ ከኔ ነው፤ ዜማው ከሷ ይሁን። ወረቀቱም ላይ እንደዚያው ይጻፍ።»

ወረቀቱ ስትል ደነገጥኩ። ማመልከቻው ከገባ ቆይቷል። ማስታወቂያው ላይ ከመዝጊያው ቀን በኋላ ቅጽ እንደማይቀየር በግልጽ ተጽፎ ነበር። ይህን ነገርኳትና፣ «ማንም አይጠይቅም፤ ይቅር» አልኳት። የፈራሁት ከውድድሩ ብንሰረዝ ለሷ ሌላ ዓመት እንደሌላት ስለማውቅ ነው። እሷም ታውቃለች።

«አንቺ ጋሼ ዘንድ ሦስት ቀን ቁጭ ብለሽ የጻፍሽው ምን ነበር?» አለችኝ። «ዜማቸውን ክፍለ ሀገር በላው ብለሽ አይደል? እኔም የልጅቷን ልብላ?»

በማግስቱ ጠዋት ሁለታችንም ማመልከቻው የገባበት ቢሮ ሄድን። ጉዳዩን የያዙት ሰው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዳመጡኝ። ደንቡን በቃሌ ይዤው ስለነበር በራሴ ላይ ጠቀስኩላቸው።

«ደንቡን ካወቅሽው ለምን መጣሽ?» አሉኝ።

«ስህተት ስለጻፍኩ ነው።»

«የዜማ ደራሲዋ ማን ናት ብለሽ ነበር?»

«እኔ» አለች አክስቴ። «አሁን ግን አይደለሁም። ስሜ ይውጣ።»

ሰውየው መነጽራቸውን አወረዱ። ፋይሉን አውጥተው ሁለቱን የታሪክ ገጾቼን አነበቡ፤ ስለ ጋሼ የሚለው ቦታ ላይ ቆየት አሉ። «ይህን ዜማ እናቴ ትለው ነበር» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞሩ።

«እዚህ ወንበር ላይ ስሜ ይግባ የሚል እንጂ ስሜ ይውጣ የሚል አስተናግጄ አላውቅም። ቅጹ አይቀየርም። የማረሚያ ደብዳቤ ግን ይያያዛል፤ የምትወጣዋ ራሷ ከፈረመች። ይፈርማሉ?»

«ምን አሉ?» አለችኝ አክስቴ፤ በቀኟ በኩል ነበር የተናገሩት። ነገርኳት። ፈረመች።

የዓረፋ ሰሞን ልምምዱ ተቋረጠ። አክስቴ፣ የሐርቡዋ ልጅና ሌላዋ ሙስሊም ወደየቤተሰባቸው ሄዱ። ሲመለሱ ሁለቱ ክርስቲያኖች የሰኔን ጾም ጀምረው ነበር፤ ከዓረፋ ተርፎ ይዘውት የመጡትን ሥጋ ሾፌሩ ጨረሰው። ሰርቪሱ ግን ያለነሱም መዝፈኑን አላቆመም፤ ጭብጨባም ጨምሮበት ጠበቃቸው።

በውድድሩ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች ወጣቶች ናቸው፤ ኪቦርድና ጊታር የያዙ፣ ጃኬታቸው የሚያብረቀርቅ። የኛዎቹ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ጋሼም አኮርዲዮናቸውን ታጥቀው ገቡ። እኔ አንድ ነገር ብቻ አሰናድቼ ነበር፤ አክስቴ መሐል እንዳትቆም። በቀኝ ጫፍ አቆምኳት፣ ግራ ጆሮዋ ወደ አራቱም እንዲሆን። የሐርቡዋን ልጅ አጠገቧ አደረግሁ። መድረክ አስተባባሪው የሐርቡዋ ልጅ አጭር ስለሆነች በአክስቴ ቦታ ጫፍ ትቁም ሲል፣ «አይቻልም» አልኩት። በዚያ ድምፅ ለማላውቀው ሰው ተናግሬ አላውቅም።

አስተዋዋቂዋ የግጥም ደራሲ ብላ የአክስቴን ስም፣ የዜማ ደራሲ ብላ የልጅቷን ስም ጠራች። ልጅቷ አቀረቀረች። ጋሼ ጀመሩ። «ድሩን» አሉ አንድ ላይ፤ ከዚያ በኋላ ያለውም አንድ ላይ ወጣ። ፎቅ ላይ የተቀመጡት የሰርቪሱ ሰዎች አዝማቹ ላይ ጭብጨባቸውን ይዘው ገቡ። እኔ የማየው አክስቴን ነበር። የመጀመሪያውን ቤት ዘፈነች። ሁለተኛው ላይ አፏን ዘጋች። ቃሉ የጠፋባት መስሎኝ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩላት፤ አላየችኝም። አንገቷን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋ፣ ግራ ጆሮዋን ሰጥታ፣ ቤቱ እስኪያልቅ ዝም ብላ ቆመች። አዝማቹ ላይ ተመልሳ ገባች።

ከዳኞቹ አንዱ ከአምስቱ አንዷ መሐል ላይ ማቆሟን ጠቅሶ ነጥብ መቀነሱን ተናገረ። ትክክል ነው፤ ቆማለች። ሁለተኛ ወጣን። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አንደኛው ብቻ ነው፤ ጃኬታቸው ያብረቀረቀው ልጆች ሄዱ፤ ደህና ይዘፍናሉ።

ማይኩ ስለሚያስተጋባ አክስቴ ውጤቱን አልሰማችም። በረንዳው ላይ ክንዴን ይዛ፣

«ስንተኛ አሉ?» አለችኝ።

«ሁለተኛ። አንቺ ባታቆሚ…» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት።

«ሁለተኛ ሸጋ ነው» አለች። ከዚያ የሐርቡዋን ልጅ ጠራቻት። «ነይ አንቺ። ሁለተኛው ቤት መጀመሪያ ላይ ከሰው ቀድመሽ ትገቢያለሽ። ያቺኛዋም መጨረሻውን ታወርደዋለች። አብሽሪ፣ ይስተካከላል። ሁሉንም ሰምቻችኋለሁ።»

ልጅቷ፣ «ለመስማት ብለው ነው እንዴ ያቆሙት?» አለች።

«ታዲያ ለምን መጣሁ?» አለች አክስቴ።

የማታ ፈረቃ ስለነበረባቸው ለምሳ እንኳ አልቆዩም፤ ሰርቪሱ ሞልቶ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። የኛ ፌስቲቫል ያበቃው ሰኔ ሰባት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።